ከጠፋች ወደ ልብስ ሰፊው ትመለስ

የብርቱካን ልጣጭና የላምባ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ የነበረ ሰው ሁሉ ዛሬም ቢሆን ዐይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ፊት መዘርጋት ይቃጣዋል። ሽታው በዓመት አንድ ቀን ከላይኛው ፎቅ፣ ከባዮሎጂ ክፍል ይነሣና በደረጃው ወርዶ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ይገባ ነበር። ዳይሬክተሩም አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው፣ "ኮምፓስ ዛሬ ነርቭ እያስተማረች ነው" ይሉና መስኮት ይከፍታሉ።

ኮምፓስ የተባለችው መምህርቷ ናት። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ሲሆኑ፣ ያወጡላትም አቅጣጫ ስለምታውቅ አይደለም። እንደ እሷ መንገድ የሚጠፋው ሰው በዚያ ከተማ አልተፈጠረም። የዕድሜዋን ግማሽ ባስተማረችበት ሕንፃ ውስጥ፣ ከመምህራን ማረፊያ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ስትሄድ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ "ደህና አደራችሁ" ያለቻቸው መጥረጊያዎች እንዳሉ ይወራል። ወሬው ጨው ተነስንሶበት ይሆናል፤ እሷ ግን ክዳ አታውቅም። "መልስ ሲነፍጉኝ ነው የጠረጠርኩት" ትል ነበር።

እንግዲህ መንገድ ስለማግኘት የምታስተምረው ይህችው ሴት ናት።

ትምህርቱ ሲቃረብ ከጠረጴዛ መብራት ሥር አንድ እንቁላል ታሞቃለች። ከቅርፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ቆርጣ ታወጣና ልጆቹን በየተራ ታስጎነብሳለች። ከውስጥ ቀይ ነጥብ ይመታል። ከእንቁላሉ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። "ተረቱ የአያቶቻችሁ ነው፤ ማስረጃው ግን እዚህ ውስጥ ነው" ትላቸዋለች።

ከዚያ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ይገፋሉ። ከአንዱ ማዕዘን የብርቱካን ልጣጭ፣ ከሌላው ማዕዘን ላምባ የጠጣ ጨርቅ ይቀመጣል። አንድ ልጅ ዐይኑን ታስሮ በሩ ጋ ይቆማል።

"አንተ አሁን ነርቭ ነህ" ትለዋለች። "ሽሉ ገና የባቄላ ፍሬ ያህላል፤ አንተም ዛሬ ተወለድክ። እግር የለህም፤ ካለህበት ሳትነሣ ክር ብቻ ትዘረጋለህ። የክሩ ጫፍ ጣቶቹን እንደ ዘረጋ እጅ ነው። ይዳስሳል። የወደደውን ይጨብጣል፣ ከጠላው ይሸሻል። ካርታ የለህም። ሩቅ የሚያይ ዐይን የለህም። ያለህ ደጃፍህ ላይ የሚሸተው ሽታ ብቻ ነው። በል ሂድ።"

ልጁም እጁን ዘርግቶ እየዳሰሰ፣ ከላምባው እየሸሸ፣ ወደ ብርቱካኑ ይሄዳል። አብዛኛው ይደርሳል። አንድ ዓመት ብቻ፣ አንገቱ ከመርዘሙ የተነሣ ቀጭኔው የሚባል ልጅ በልበ ሙሉነት ቀጥ ብሎ ሄዶ ላምባው ጨርቅ ላይ ተደፋ። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። መምህርቷ ከት ብላ ሳቀችና፣ "እንዲህ ያለውም አለ" አለች። "የሚነሡት ሁሉ የሚደርሱ አይደሉም። ያልደረሰው ይከስማል። አንተ ግን አትክሰም፤ ሄደህ ፊትህን ታጠብ።"

ቀጭኔው ትምህርቱን ጨርሶ ልብስ ስፌት ሊማር ወደ ወንድሟ ዘንድ ገባ።

ወንድሟ ልብስ ሰፊው ነው፤ ታናሿ። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት፤ የልጅነት አፍንጫውን የጠረገች ሰው በመሆኗም ሲያረጅ እንኳ ልትፈራው አልቻለችም። ሁለቱም ሳያገቡ፣ ወይም እሱ እንደሚለው "እሷ የሠርጉን አዳራሽ ሳታገኘው" ቀርታ፣ በአንድ ቤት ኖሩ። የፊተኛው ክፍል ሱቁ ነው፤ የኋለኛው ክፍል የሁለታቸውም መመገቢያና የእሷ መጻሕፍት መደርደሪያ። በመሃል መጋረጃ አለ። በመጋረጃው ወዲያ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ይንጣጣል፤ በወዲህ እሷ የተማሪ ፈተና ታርማለች። መኪናው ለአፍታ ዝም ካለ፣ "ምነው፣ ክር ተበጠሰ?" ትላለች ቀና ሳትል።

ካፖርቶቿን ሁሉ የሚሰፋላት እሱ ነው። በእያንዳንዱ ገበር ውስጥ፣ በግራ ብብቷ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ጨርቅ አለች። በቀይ ክር የተጻፈባት እንዲህ ትላለች፦ ከጠፋች ወደ ልብስ ሰፊው ትመለስ።

መጀመሪያ ያየችው ቀን ተቆጣች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በዚያች ጨርቅ ቤቷ ስለገባች ቁጣውን ተወችው።

ወንድሟ አደጋ የደረሰበት ለአዲስ ካፖርት ከለስላሳ የከፋይ ጨርቅ ኮሌታ እየቆረጠላት ሳለ ነው። ሱቁ ስለታፈነ መስኮቱን ሊከፍት ሄደ። መስኮቱ እምቢ አለ። እሱም እምቢ አለና በመዳፉ ገፋው፤ መስታወቱ ተሰብሮ የቀኝ እጁን አንጓ ቆረጠው።

ወሬው ሲደርሳት ጠመኔዋን እንደ ያዘች ሮጠች። ሐኪም ቤቱን አገኘችው፤ ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ከበሩ ወዲያ ግን ግራ መታጠፍ ሲገባት ቀኝ ታጠፈችና ማዋለጃ ክፍል ገባች። ነርሷ፣ "የየትኛዋ እናት ዘመድ ነሽ?" አለቻት።

"የወንድሜ" አለች መምህርቷ እያለከለከች።

ወንድሟን ስታገኘው እጁ ተሰፍቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ እንደ አቡጀዲ ነጥቶ ተቀምጧል። "የት ቆየሽ?" አላት።

"ማዋለጃ።"

"ምን ወለድሽ?"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሐኪሙ የተቆረጠው ጅማት ብቻ ሳይሆን ነርቩም እንደሆነ፣ ሁለቱንም እንደ ሰፋቸው፣ የአውራ ጣቱ፣ የሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ስሜት ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገራቸው። ቤት ሲገቡ ልብስ ሰፊው፣ "ስፌቱን አሳየኝ ብለው 'ቆዳው ተዘግቷል' አለኝ" አለ። "ገበሩን ሳያሳይ ልብስ የሚያስረክብ ሰፊ ምን ይባላል?"

ቀልዱ ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ብቻ ነበር ያዋጣው። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ አይሰሙም። ሱፍና ካኪ አንድ ሆኑበት። ጨርቅ ሲይዝ የያዘ አይመስለውም፣ ሲለቅ የለቀቀ አይመስለውም። አንድ ጠዋት የሰው ሸሚዝ ቁልፍ ሊተክል ተቀምጦ፣ መርፌው ጣቱን ወግቶት ኖሮ ደሙን ያየው ነጩ ሸሚዝ ላይ ነው። ሸሚዙን አጠበ፤ አስጥቶ ተኮሰ፤ ለባለቤቱ መለሰ። ከዚያ መኪናውን በብርድ ልብስ ሸፈነው። የመኪናው ድምፅ ከቤቱ ሲጠፋ፣ መምህርቷ የፈተና ወረቀት ይዛ አንዱን መልስ ደጋግማ ማንበብ ጀመረች።

"ይመለሳል" አለችው አንድ ቀን በመጋረጃው ወዲህ ሆና። "የተሰፋው ጫፍ እንደገና ያድጋል። ልክ በሽልነትህ እንዳደገው፣ እየዳሰሰ ይሄዳል።"

"በቀን ስንት?"

"የጠመኔህን መስመር ውፍረት ያህል።"

"ማን ነው የሚመራው?"

"ማንም። ራሱ ነው መንገዱን የሚያገኘው።"

"ተመስገን" አለ። "አንቺ ከሆንሽ እግሬ ላይ ነው የሚወጣው።"

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መዳፉን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋላታል። ሐኪሙ እንዳሳያት ከአንጓው ጀምራ በጣቷ ቀስ እያለች ትመታለች። አዲሱ የነርቭ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ሲመታ፣ ጉንዳን የሄደበት ያህል ይነዝረዋል። "እዚህ ጋ" ሲላት በልብስ ጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ምልክቱ ሲታጠብ ይጠፋል፤ ግን ሁለቱም ቦታውን አይረሱትም። ጉንዳኑን "እንግዳው" አሉት።

"እንግዳችን የት ደረሰ?"

"የመዳፌ መሃል ላይ ተቀምጦ ያርፋል። ያንቺ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤ አላፊ አግዳሚውን እየጠየቀ ነው።"

እሷም እየመታች፣ ለተማሪ የማይነገረውን ጭምር ትነግረዋለች። በሽሉ ውስጥ ከአንዱ ጎን ተነሥቶ ወደ ሌላው ጎን የሚሻገር ነርቭ አለ። መሃል መስመሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሽታ እየላኩ ከሩቅ ይጠሩታል፤ ይመጣል። ከተሻገረ በኋላ ግን ያ የወደደው ሽታ አይጥመውም፤ እንዲያውም ከዚያው ቦታ የሚገፋ ሌላ ሽታ ይሰማዋል። ስለዚህ ተመልሶ አይሻገርም፤ መንገዱን ይቀጥላል።

"አጎታችን ነዋ" አለ ልብስ ሰፊው። "እስኪጠግብ 'እንዴት ያለ የተባረከ ቤት ነው' ይልና፣ ከጠገበ በኋላ ወንበሩ ይቆረቁረዋል።"

"አንተ ሁሉን ነገር ወደ ሰው ታመጣለህ።"

"አንቺስ የሰውን ልጅ ነርቭ ነህ ብለሽ ላምባ ውስጥ አልደፋሽም?"

እንግዳው ከመዳፉ ተነሥቶ ወደ ጣቶቹ ሥር፣ ከዚያም ወደ አንጓዎቻቸው ሄደ። ዝናብ ጀምሮ ዝናብ አቆመ። አንድ እሑድ ልብስ ሰፊው ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ፣ በእርሳስ ጫፍ ሌባ ጣቱን ነካ አደረገችው።

"ሰማሁ" አለ። ድምፁ ተለወጠ። "ሰማሁ እትዬ። የመሃል ጣቴን ነካሽው።"

እርሳሱ ሌባ ጣቱ ላይ እንዳለ ቆመ።

እንደገና ነካችው። "የመሃል ጣት" አለ እየሳቀ። የመሃል ጣቱን ስትነካው ደግሞ አውራ ጣቱ መሰለው። ዐይኑን ገለጠና እርሳሱ የት እንዳለ አየ። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ።

"ተሳስቶ ነው የገባው" አለ።

"በሽሉ ጊዜ በየደጁ ምልክት አለ" አለችው፤ አሁን እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ተያዘ ሰው። "ዛሬ ግን ምልክቱ ብዙው ጠፍቷል። የድሮው መንገድ ባዶ ቧንቧ ሆኖ ቀርቷል፤ ክሮቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። አንዱ የጎረቤቱን ቧንቧ..."

"እንግዲህ ምን ይደረግ" አለ እጁን ሰብስቦ። "ሌባ ጣት ነው፤ የጎረቤቱን ቤት ሰብሮ ገባ።"

በማግሥቱ ለቀጭኔው ላከበት። ቀጭኔው አሁን የራሱ ሱቅ ያለው፣ አንገቱም እንደ ድሮው የሆነ ጎልማሳ ነው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ መኪናው ዝጎ ከሚበላሽ አንተ ስፋበት፤ ቅዳሜ መጥተህ ውሰድ።

መምህርቷ "ይመለሳል" ብላው ነበር። አልዋሸችም፤ ተመልሷል። ግን መኪናው ከዚያ ቤት ከወጣ ወንድሟ በመጋረጃው ወዲያ ተቀምጦ ግድግዳ የሚያይ ሰው እንደሚሆን ታውቃለች። ያልደረሰው ይከስማል ብላ ያስተማረችው እሷው ናት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ልማዷ በጫማ ሰፊው በኩል ዞራ፣ የቧንቧ ውኃውን አልፋ፣ በአናጺው አጥር ጥግ ጥግ ሄደች። ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ፣ "ዛሬም በእኔ በኩል?" አላት። "ቤትሽ እኮ ከትምህርት ቤቱ በር ቀጥ ብሎ ነው። ስንት ዓመት ልንገርሽ?"

"አውቃለሁ" አለች። "መጀመሪያ ቀን ጠፍቶኝ በዚህ ወጣሁ። ከዚያ ለመድኩት። ቀጥታው መንገድ ላይ ብታቆመኝ ይጠፋኛል፤ በዚህኛው ግን ዐይኔን ታስሬም..."

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችም። ጫማ ሰፊው እስክትጨርስ መዶሻውን ይዞ ሲጠብቅ፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ በአናጺው አጥር ጥግ መሮጥ ጀምራለች።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ተቀምጧል። ከሱቁ ቁርጥራጭ ሳጥን ሱፍ፣ ካኪ፣ ሐር፣ አቡጀዲ እየመዘዘች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከገበር የተረፈ ቅዳጅ አንሥታ ዐይኑን ልታስር ስትመጣ ጭንቅላቱን ሸሸ።

"ምን ልታደርጊኝ ነው?"

"ነርቭህ አድራሻ ተሳስቷል፤ እሺ። የሚሳሳተው ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው። 'መሃል ጣት' ካልክ ሌባ ጣት ነው። ሁልጊዜ። እኔ በጫማ ሰፊው በኩል ቤቴ የምገባው እንዴት ይመስልሃል? የተሳሳተ መንገድም ሲለምዱት መንገድ ነው። ጭንቅላትህ አዲሱን አድራሻ ይልመድ።"

"ስለዚህ እጄ እንደ አንቺ ሊሆን ነው።"

"እኔ እስካሁን ውጭ አድሬ አላውቅም።"

ወንድሟ ትንሽ አሰበ። "በጨርቋ ምክንያት ነው" አለ፤ ግን ዐይኑን አስታሰረ።

መጀመሪያ ላይ የሰማው ሁሉ ሐሰት ነበር። ሐሩን ካኪ አለው። ሱፉን ሲዳስስ ቆይቶ፣ "የአክስታችን ጢም" አለ። እሷም ዐይኑን ፈትታ ታሳየዋለች፣ እያየ ይዳስሳል፣ እንደገና ታስረዋለች። ቢያማርርም አልተነሣም። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ገበሩን ራሱ ዐይኑ ላይ አስሮ በአንድ እጁና በጥርሱ ሲያጠብቀው ደረሰችበት። እንዳላየች ሆና ወጣችና ደጃፉ ላይ ሳል አድርጋ ገባች።

በእነዚሁ ቀናት አንድ ነገር ደግሞ ተደብቃ አደረገች። ያልተጨረሰውን ካፖርት ከሱቁ መስቀያ አውርዳ ቀጭኔው ዘንድ ወሰደችው። ብርዱ እየመጣ ነው አለችው፤ ኮሌታውን ግጠምልኝ። ቀጭኔው ፈራ ተባ እያለ ገጠመላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀጭኔው ገመድና ብርድ ልብስ በትከሻው ጥሎ መጣ። ጋሪው ደጅ ቆሟል። ልብስ ሰፊውን በኋለኛው ክፍል ዐይኑን እንደ ታሰረ፣ ጨርቅ ከፊቱ እንደ ተቆለለ አገኘው።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?" አለ ቀጭኔው ደንግጦ።

"እኔ ነርቭ ነኝ" አለ ልብስ ሰፊው። "ዛሬ ተወለድኩ። መኪናው ከመጋረጃው ወዲያ ነው፤ ግባና እሰረው።"

"እስኪ ቁጭ በል፤ ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም" አለችው መምህርቷ። "አንተ እኮ ወደ ላምባው የሄድከው ነህ።"

"ያን ቀን ጉንፋን ነበረብኝ እትዬ" አለ ቀጭኔው እየተቀመጠ። "ይኸው እስከ ዛሬ ማን ይመነኝ።"

መምህርቷ ሻዩን ቀዳች። ከዚያ አንዱን ቁራጭ ከወንድሟ ጣት ሥር አስገባች።

"ካኪ" አለ። ልክ ነበር። ሌላ ሰጠችው። "ሱፍ። አሮጌ።" ይህም ልክ ነበር። ሦስተኛውን ሳተው፤ አቡጀዲውን ሐር አለው። ቀጭኔው አንገቱን ወደ ሻዩ ደፋ፤ ሰው ሲሳሳት ማየት አልወደደም።

ያኔ መምህርቷ ካፖርቱን ከኋላዋ ካለው ወንበር አነሣችና ኮሌታውን በእጁ አስያዘችው። ቀጭኔው ብድግ ሊል ሲል በዐይኗ አስቀመጠችው።

ልብስ ሰፊው ጣቱን አሳለፈ። ቆመ። ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች መለሰው። "በመሃል ጣቴ ይሰማኛል" አለ ለራሱ። "ስለዚህ የነካው ሌባ ጣቴ ነው። ይለሰልሳል... ወደዚህ ይቆማል፣ ወደዚህ ይተኛል። ከፋይ ነው።" ከንፈሩ ትንሽ ከፈት አለ። "የእኔ ከፋይ ነው። ካፖርትሽ ነው።"

ጣቱ ግን አላረፈም። የኮሌታውን ጠርዝ ይዞ ቀስ እያለ ዞረ፤ ማጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና እዚያው ቆመ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ።

"ምኑ?" አለች መምህርቷ።

"እዚህ ጋ ተሸብሽቧል። ክሩ ተስቦ ነው የተሰፋው።" ግንባሩ ተኮማተረ። "ይህ የእኔ ስፌት አይደለም። ማነው የሰፋው?"

ቀጭኔው ሻዩ ትን አለው።

"አንተ ነህ?" አለ ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ሳሉ አዙሮ። "ከፋይ ሲሰፋ ክሩ ላላ ይላል ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩህ?"

"ብዙ ጊዜ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"እርስዎ አያዩትም ብዬ..." ቀጭኔው አፉን ያዘ።

"አላየሁትም" አለ ልብስ ሰፊው። ይህን ብሎ ራሱ የተናገረውን እንደ ሰማ ሰው ጣቱን ከስፌቱ አነሣና መልሶ አሳረፈው። መምህርቷ ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ እንደ ያዘች ቀረች፤ ብታማስለው ድምፁ የሆነ ነገር የሚያስደነግጥባት መሰላት።

እጁ ወደ ካፖርቱ ውስጥ ገባ። ገበሩን በጣቱ እየዳሰሰ በግራ በኩል ወረደ፣ ብብቱ ሥር ደረሰ፣ ወዲያ ፈለገ፣ ወዲህ ፈለገ። ነጭ ጨርቅ የለም።

"በዚህ ልብስ ነው እንግዲህ ከቤት ልትወጪ ያሰብሽው" አላት።

"ቅርብ ቅርቡን ብዬ ነው።"

ልብስ ሰፊው ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጣለና ተነሣ። ዐይኑ ላይ የታሰረውን ገበር ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገው፤ አልፈታውም። ቀጭኔው ገመዱን ይዞ አብሮ ተነሣና፣ "ጋሼ፣ መኪናውን ታዲያ..." አለ።

ልብስ ሰፊው በአጠገቡ አልፎ፣ እህቱንም ቀጭኔውንም ዞር ብሎ ሳያይ፣ መጋረጃውን በትከሻው ገልጦ ወደ ሱቁ፣ ወደ መኪናው ወጣ።